ከስያሜ ወደ ሰው፦ የገጸ ባሕርይ አፈጣጠር በአማርኛ ልብ ወለድ

(በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በተደረገ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዛብህ ቦጋለና ሰብለ ወንጌል መሸሻ የአንድ ደራሲ የምናብ ልጆች መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ የለም። ይሁን እንጂ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ከተረከው ወዲህ፣ ለእነዚህ ላልተወለዱ ሰዎች ከልቡ ያዘነው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያላነበበ ሰው እንኳ፣ በዘመዶቹ ፊት ደፍሮ እውነት የሚናገረውን ሁሉ «ጉዱ ካሣ» ብሎ ሲጠራ ይሰማል። በአንጻሩ ደግሞ በየዓመቱ ከሚታተሙት ልብ ወለዶች ውስጥ ብዙዎቹ፣ ገጸ ባሕርያቸው በአንባቢው ዘንድ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ገጽ እንኳ ሳይዘልቁ ይረሳሉ። እንግዲህ ዛሬ የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ሰው የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ስም ሆኖ የሚቀረውስ ለምንድን ነው?

ጥያቄው የኪነት ብቻ እንዳይመስል ያሻል። ደራሲ አንድን ዓይነት ሰው አስቀድሞ በተበጀ ስያሜ ብቻ ሲሥል፣ አንባቢውም ያንን ዓይነት ሰው በመንገድ ሲያገኘው በስያሜው ብቻ እንዲያየው ያስተምረዋል። ጎረቤትን በቅጡ የማየት ወይም ያለማየት ልማድ ከሚኮተኮትባቸው ቦታዎች አንዱ ልብ ወለድ ነው። ስለዚህ የገጸ ባሕርይ አሣሣል ጉዳይ የሙያም፣ የኅሊናም ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የአማርኛ ልብ ወለድ ከመወለዱ በፊት የአገራችን ተደራሲ ሰውን በቃልና በጽሑፍ የሚያገኘው በዋነኛነት በገድልና በተረት ነበር። ገድል የጻድቁን ሕይወት ለአርአያነት ያቀርባል፤ ጻድቁ ይፈተናል፣ ይጸናል፣ ድል ይነሣል። ተረት ደግሞ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ጠባይ ይሰጠዋል፤ ጅብ ሆዳም፣ ጦጣ ብልጥ፣ አህያ የዋህ ናት። ሁለቱም ለተነሡበት ዓላማ የተዋጣላቸው ናቸው። ከእነዚህ ቤቶች የወጣው የመጀመሪያው ልብ ወለድም የወላጆቹን መልክ መያዙ አያስገርምም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ ለዚህ ምስክር ነው። ዋህድና ጦቢያ መንታ ናቸው፤ ዋህድ ለአባቱ ነጻነት ወሮታ ሲል ተንከራቶ በባርነት ይሸጣል፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ውበታቸውና ደግነታቸው ወደር የለውም፤ የጦቢያ ስምም የአገር ስም ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባወጡት «አዲስ ዓለም» ዋናው ሰው አወቀ ይባላል፤ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ተመልሶ ከዘመዶቹ ልማድ ጋር ይጋጫል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ባቀረቡት «አርአያ» ደግሞ የባለታሪኩ ስም ራሱ የመጽሐፉን ዓላማ ይናገራል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንደሚባለው፣ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ስም የሰውየውን ዕጣ አስቀድሞ ይወስናል። አወቀ ያውቃል፤ አርአያ አርአያ ይሆናል።

እነዚህን ደራስያን በዚህ መንቀፍ ፍትሕ አይሆንም። አገር በሚለወጥበት ዘመን ለአንባቢ መንገድ ማሳየት ፈልገዋል፤ አሳይተዋልም። ነገር ግን አንባቢ አርአያን ያከብረዋል እንጂ አይሰጋለትም። የሚያሸንፍ መሆኑን ከስሙ ያወቀለትን ሰው ሌሊት ተቀምጦ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። በገጸ ባሕርይና በአንባቢ መካከል ያለው ዝምድና የሚጀምረው አንባቢው «ይህ ሰው አሁን ምን ያደርግ ይሆን?» ብሎ በእውነት ሲጨነቅ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ያመጣው ለውጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ሰዎች ከውጭ ከሚመጣባቸው መከራ ይልቅ በውስጣቸው የተሸከሙት ማሰሪያ ይበልጥ ይፈትናቸዋል። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር በስለት የሰጡት ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚጋፋው የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ ብቻ አይደለም፤ የእናት የአባቱን ቃል ኪዳንና የገዛ ኅሊናውንም ጭምር ነው። ፊታውራሪው ባይኖሩ እንኳ የበዛብህ ጭንቅ አይቀርም። አንባቢ ቃል ኪዳን ምን እንደሆነ፣ ወላጅን ማሳዘን ምን እንደሆነ ከራሱ ቤት ስለሚያውቅ፣ በዛብህን በማዘን ብቻ ሳይሆን በማወቅ ይቀርበዋል።

ፊታውራሪ መሸሻም ቢሆኑ ተራ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ነገር ግን በዘርና በአጥንት የሚተካከላት ሰው ሲያጡ የጋብቻዋን ጊዜ ያሳልፉባታል። የእርሳቸው ክብር ለልጃቸው እስር ቤት ሆኖ ሳለ እርሳቸው ግን የሚጠብቋት ይመስላቸዋል። ጭሰኞቻቸው በዓል በመጣ ቁጥር የሚጨመረውን ግዴታ እንቢ ብለው ሲነሡባቸውም፣ አንባቢው በአንድ በኩል ለገበሬው ሲፈርድ በሌላ በኩል የሽማግሌውን ውርደት እያየ ይሳቀቃል። ደራሲው ሥርዓቱን የሚነቅፈው ሰውየውን ሰው አድርጎ ከሣለው በኋላ ስለሆነ ነቀፋው የበለጠ ይከብዳል። ጭራቅ አድርጎ ሥሎት ቢሆን ኖሮ፣ አንባቢው ጥፋቱን ሁሉ በጭራቁ ላይ አድርጎ ሥርዓቱን ነጻ ባሰናበተው ነበር።

ካሣ ዳምጤ፣ ማለትም ጉዱ ካሣ፣ ሌላው ምሳሌ ነው። የደራሲውን ሐሳብ የሚናገር ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ ሰባኪ ሆኖ ይቀራል። ጉዱ ካሣ ከዚህ የዳነው እውነትን በመናገሩ ዋጋ ስለሚከፍል ነው፤ የተማረ የቅኔ ሰው ሆኖ ሳለ በዘመዶቹ ዘንድ እንደ እብድ ይቆጠራል፣ ብቸኛ ነው፣ ያስቃልም። አንባቢው የሚስቅበትን ሰው እውነተኛነት ቀስ በቀስ ሲረዳ፣ በሳቁ ትንሽ ያፍራል። ያ ኅፍረት ከስብከት ሁሉ የበለጠ ያስተምራል።

ከዚህ መጽሐፍ ጥናት የሚገኘው ትምህርት በአጭሩ ሲጠቃለል ሦስት ነው። አንደኛ፣ ገጸ ባሕርይ አጥብቆ የሚሻው ነገር፣ ያንንም እንዳያገኝ የሚይዘው የገዛ እምነቱ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ የሚጠላው ሰው እንኳ ለራሱ ትክክል የሚመስልበት ምክንያት ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ የሚናገረው ቃልና የሚመርጠው መንገድ ዋጋ ሊያስከፍለው ይገባል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ሐዘን ተውኔት ሲጽፍ ፍጹም ደግም ፍጹም ክፉም ያልሆነውን፣ በስሕተቱ የሚወድቀውን ሰው የመረጠው፣ እንዲሁም እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው የልብ ወለድ ጥናቱ ዝርግ ገጸ ባሕርይን ከሁለገብ ገጸ ባሕርይ የለየው ከዚሁ በተቀራራቢ ምክንያት ነው። ፎርስተር ለሁለገብነት የሰጠው መፈተኛ በሚያሳምን ሁኔታ ማስደነቅ መቻል ነው፤ ከቶ የማያስደንቀን ሰው ዝርግ ነው፣ አስደንቆን የማያሳምነንም ሁለገብ መስሎ የቀረበ ዝርግ ነው።

አንባቢን ለማቅረብ ገጸ ባሕርዩ አንባቢውን መምሰል አለበት የሚለው አስተያየት ግን ትክክል አይደለም። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባወጣው «አልወለድም» ውስጥ የሚናገረው ገና በማኅፀን ያለ ጽንስ ነው። ጽንስ የሚመስል አንባቢ የለም። ነገር ግን ወደማይፈልገው ኑሮ የመግባት ፍርሃት የእያንዳንዱ ሰው ፍርሃት ስለሆነ አንባቢው ተቀበለው፤ መጽሐፉ እንዳይሸጥ መታገዱም ድምፁን አላጠፋውም። አንባቢን ከገጸ ባሕርይ ጋር የሚያስተሳስረው የፍላጎትና የፍርሃት ተመሳሳይነት ነው፤ መልክ፣ ዕድሜና ሀብት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በ1962 ዓ.ም. የወጡ ሁለት መጻሕፍት ደግሞ ሌሎች መንገዶችን አሳይተዋል። በዓሉ ግርማ በ«ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ ወርቁን ከመንግሥት ሥራና ከሥዕል ፍቅር መካከል አቁሞ፣ የከተማውን የተማረ ሰው ባዶነት በአንድ ሰው ዕለታዊ ኑሮ አሳየ። ዳኛቸው ወርቁ በ«አደፍርስ» ውስጥ ሰውን በንግግሩ ለየ። የባላገሩ፣ የወይዘሮዋ፣ የተማሪው አማርኛ እያንዳንዱ የየራሱ ቃናና አነጋገር ስላለው፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ባይጻፍ እንኳ ጆሮ ያለው አንባቢ ይለየዋል። አደፍርስ የሚለው ስም እንደ አወቀና እንደ አርአያ ትርጉም ያዘለ ስም ነው፤ ሆኖም ሰውየው ከስሙ ይሰፋል፤ ሌላውን ሲያደፈርስ ራሱም ይደፈርሳል።

ንግግር ከተነሣ፣ አማርኛ ለደራሲ የሰጠው አንድ ትልቅ መሣሪያ ሊዘነጋ አይገባም። ቋንቋው ሰውን ሳይመዝን አያናግርም። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያስቸግራል። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «እማማ»፣ «የኔታ» እያንዳንዳቸው የዝምድና ታሪክ ይዘዋል። እርስዎ ሲባባሉ የኖሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን አንተ ቢባባሉ፣ በመካከላቸው ፍቅር ወይም ጠብ መግባቱን ደራሲው ሌላ ቃል ሳይጨምር አንባቢው ይረዳል። ብዙ ጊዜ በሦስት ገጽ ሐተታ የሚደከምበት የስሜት ለውጥ በአንዲት ተውላጠ ስም ሊፈጸም ይችላል። ይህን እያላቸው የባላባቱንና የዘበኛውን፣ የእናትንና የምራትን አነጋገር አንድ አድርገው የሚጽፉ አሉ። እነዚህ ቋንቋው በነጻ የሰጣቸውን ሀብት ሳይቀበሉ የቀሩ ናቸው።

አሁን ነገሩን ይህ ስብሰባ ወደሚደረግበት ሰፈር ማቅረብ ይቻላል። በዘመኑ አጫጭር ልብ ወለዶችና ተከታታይ ድራማዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ሰው አለ፤ «የቦሌ ልጅ» ይባላል። የአባቱን መኪና ይነዳል፣ ካፌ ይውላል፣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ይቀላቅላል፣ የድሀ ልጅ ያታልላል፣ በመጨረሻም ይቀጣል ወይም ይጸጸታል። ይህ በተረት ውስጥ ካለው ጅብ ብዙም አይለይም። ለቀልድ ይበቃል፤ 200 ገጽ ለመሸከም ግን አቅም የለውም።

ሰፈሩ ራሱ ስያሜውን አይቀበልም። ለጄት አውሮፕላን የልደታው ሜዳ ስላልበቃ፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ሲያስመጣ የአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቦሌ ሄደ። ከዚያ በፊት አካባቢው ከከተማ ውጭ ያለ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከዚያ በኋላ ጎዳናው፣ ቪላው፣ ፎቁ በየተራ መጣ። ስለዚህ በቦሌ መድኃኔዓለም ደጃፍ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በአንድ ላይ አልመጣም። ካህኑ፣ ከውጭ አገር ተመልሶ የመጣው ነጋዴ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ የታክሲው ረዳት፣ ሊስትሮው፣ ጧፍ ሻጯ እያንዳንዳቸው ከሌላ ቦታና ከሌላ ዘመን መጥተው ነው በአንድ አስፋልት ላይ የተገናኙት። ወር በገባ በ27 ቀን ነጠላ ለብሰው ሲቆሙ ደግሞ ለጥቂት ሰዓት አንድ ይመስላሉ። ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል?

ለምሳሌ ያህል ጧፍ የምትሸጥ አንዲት ሴት ትታሰብ። በተለመደው አሣሣል ምስኪን ናት፤ ታሳዝናለች፤ ከማሳዘን በቀር ሥራ የላትም። አንባቢም በልቡ ምጽዋት ሰጥቷት ያልፋል። አሁን ግን ነገሩ እንዲህ ይለወጥ። አንድ ቀን ከውድ መኪና የወረደች ወይዘሮ ቦርሳዋን ረስታ ኖሮ፣ ጧፍ ሻጯ በዱቤ 2 ጧፍ ትሰጣታለች። ወይዘሮዋ ሳትከፍል ወር ያልፋል። በሚቀጥለው 27 ቀን ወይዘሮዋ ዕዳዋን ሳይሆን ኅፍረቷን በማስታወስ በሌላው በር ትገባለች። ጧፍ ሻጯም አይታታለች፤ ገንዘቡ ትንሽ መሆኑን ታውቃለች፤ መጠየቅ ክብሯን ይነካል፤ መተው ደግሞ ቆጣሪነቷን ይነካል። አሁን ሁለቱም ሰዎች ሆነዋል። ድሀዋ ባለዕዳ ያላት፣ ሀብታሟም የምትሸሸው ደጃፍ ያላት ሆነች። ለዚህ ለውጥ አዲስ ሴራ ወይም ግድያ አላስፈለገም፤ ለእያንዳንዷ አንድ የምትጠብቀው ክብር መስጠት በቃ። ወይዘሮዋ «አንቺ» ስትላት የኖረችውን ሴት በሦስተኛው ወር «እትዬ» ብላ ከጠራቻት፣ ታሪኩ እዚያው ላይ ሊያበቃ ይችላል።

«የቦሌ ልጅ» የተባለውም በዚሁ መንገድ ሊድን ይችላል። ካፌ መዋሉ ይቅርና፣ ካፌ ከመዋል ወዴት እንደሚሸሽ ይጠየቅ። አባቱ ሀብታም ከሆነ አባቱ በልጁ ፊት የሚያፍርበት ነገር ምንድን ነው? ልጁስ አባቱን በየትኛው ተውላጠ ስም ይጠራዋል? ደራሲ እነዚህን ጥያቄዎች መልሶ ከጨረሰ በኋላ፣ ወጣቱ ከቦሌ ይሁን ከመርካቶ፣ ከደብረ ማርቆስ ይሁን ከዋሽንግተን ለውጥ የለውም፤ ሰው ሆኗልና።

ይሁንና ሰውን ከሕይወት ቀድቶ መሣል አደጋም አለው። አደጋውን ሳይጠቅሱ ስለ ሙያው መናገር ለወጣት ጸሐፊዎች ግማሽ እውነት መንገር ይሆናል። በዓሉ ግርማ ገጸ ባሕርያቱን ከሚያውቃቸው ሰዎች አጠገብ የሚሥል ደራሲ እንደነበረ አንባብያኑ ይመሰክራሉ። በ1972 ዓ.ም. በወጣው «ደራሲው» ውስጥ ያለውን ሲራክን፣ ብዙዎች ከደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ጋር ያያይዙታል። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሲወጣ ግን ነገሩ ከሥነ ጽሑፍ ወሬ አለፈ። በዓሉ ራሱ በጋዜጠኝነት የተካፈለበትን የኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻ መሠረት አድርጎ፣ በጋዜጠኛው በጸጋዬ ኃይለ ማርያም ዓይን የጦርነቱን ከንቱነትና የባለሥልጣናቱን ጠባይ አሳየ። አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ በስተጀርባ እውነተኞቹን ሹማምንት ለየ፤ ሹማምንቱም ራሳቸውን ለዩ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ይህን ታሪክ ስለ መንግሥት ጭካኔ ብቻ የሚያወራ አድርጎ መውሰድ ይቻላል፤ እርሱም እውነት ነው። ለሙያው ግን ተጨማሪ ነገር ይናገራል። ሕያው ገጸ ባሕርይ ኃይል አለው፤ ኃይል ያለው ነገር ደግሞ ሰው ይጎዳል። እንግዲህ ደራሲ ከሕይወት ሲቀዳ በማን ላይ እንደሚቀዳ ይወቅ። የሕዝብ ሥልጣን የያዘ ሰው በሥልጣኑ ስላደረገው ነገር በልብ ወለድ መመርመሩ የጥበብ ጥንታዊ መብት ነው፤ በዓሉ የከፈለው ዋጋም ለዚህ መብት ነው። ምሥጢሩን በእምነት የነገረ ጓደኛ፣ ፍቺ ያጋጠማት ጎረቤት፣ በደጃፍ የተቀመጠች ጧፍ ሻጭ ግን ለመልስ የሚሆን ብዕር የላቸውም። ከእነርሱ የሚወሰደው ስሜቱ፣ አነጋገሩ፣ ጭንቁ እንጂ ስማቸውና ገመናቸው ሊሆን አይገባም። ከብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ወስዶ፣ የራስን ጭንቅ ጨምሮ፣ አዲስ ሰው መቅረጽ የሚባለው ይህ ነው። እንዲያውም አንድን ሰው እንዳለ መገልበጥ ብዙ ጊዜ ደካማ ገጸ ባሕርይ ያስገኛል፤ ደራሲው ሰውየውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ለአንባቢው ማሳየቱን ይዘነጋዋልና።

በመጨረሻም በማኅበር የተሰበሰቡ ጸሐፊዎች እርስ በርሳቸው ሊረዳዱ የሚችሉበት አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ረቂቅ ሲነበብ ቋንቋው መስተካከሉን፣ ሴራው መያያዙን መጠየቅ የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት ግን በረቂቁ ውስጥ ደራሲው የሚንቀው ሰው የትኛው እንደሆነ ይፈለግ። በእያንዳንዱ ረቂቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ አንዳንዴ ሀብታሙ፣ አንዳንዴ ባላገሩ፣ አንዳንዴ የእንጀራ እናት፣ አንዳንዴም ሌላ ቋንቋ የሚናገረው ሰው ነው። ሲገኝ የእርሱ ምክንያት በራሱ አንደበት በአንድ ገጽ ይጻፍ። ገጹ በመጽሐፉ ውስጥ ባይገባም እንኳ ሥራውን ይሠራል፤ ደራሲው ከዚያ በኋላ ያንን ሰው እንደ ቀድሞው አድርጎ ሊጽፈው አይችልም። ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ጭሰኛው በደል ሲጽፍ ፊታውራሪ መሸሻን የልጅ አባት አድርጎ ማየቱን አልተወም። ያ መጽሐፍ ባላባትና ጭሰኛ ከአገሪቱ ሕግ ከጠፉ በኋላም እስከ ዛሬ የሚነበበው፣ የሚወቅሳቸውን ሰዎች እንኳ ሰው ከመሆን ስላላገዳቸው ነው።